በፖለቲካ ቀውስ ወቅት ሰው ሲታሰር፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ክስ ድረስ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚገባ

በኢትዮጵያ ካለፉት አሥር ዓመታት ገደማ ወዲህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በተደጋጋሚ ታውጇል፤ በመስከረም 2009፣ በየካቲት 2010፣ በጥቅምት 2013 በትግራይ፣ በጥቅምት 2014 በመላ ሀገሪቱ፣ በሐምሌ 2015 ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣውን ግጭት ተከትሎ። አዋጅ ባልነበረባቸው ወራትም ቢሆን ጋዜጠኞች፣ የፓርቲ አባላት፣ መምህራን፣ ነጋዴዎችና ምንም የፖለቲካ ተሳትፎ የሌላቸው ወጣቶች ከቤታቸው፣ ከሥራ ቦታቸው ወይም ከመንገድ ላይ ተይዘው ተወስደዋል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ የቤተሰብ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ የት ወሰዱት፣ ማንን እንጠይቅ፣ ጠበቃ ከየት እናምጣ። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። የጠበቃን ምክር አይተካም፤ ጠበቃ እስኪገኝ ድረስ መደረግ ያለበትን፣ ጠበቃ ከተገኘ በኋላም ቤተሰብ ብቻ ሊያደርገው የሚችለውን ግን ያመለክታል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ክፍተት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ እንዲያቆም ግዴታ የሚጥልበት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸውና ያለ ጠበቃ ቢቀሩ ፍትሕ ሊጓደልባቸው ለሚችል «የተከሰሱ ሰዎች» ነው። የተያዘ ነገር ግን ገና ያልተከሰሰ ሰው መብቶች የተዘረዘሩበት አንቀጽ 19 በመንግሥት ወጪ ስለሚቆም ጠበቃ አያነሣም። በዚህም የተነሣ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ በአብዛኛው ወደ ጉዳዩ የሚገባው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። በፖለቲካ ቀውስ ወቅት ግን አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ከክስ በፊት ነው፤ ሰው የሚሰወረው፣ በግዳጅ ቃል የሚሰጠው፣ ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ተጨማሪ የእስር ቀን) ተደራርቦበት ለወራት የሚታሰረውና ብዙ ጊዜም አንድም ክስ ሳይቀርብበት የሚለቀቀው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሕግ ድጋፍ ፍለጋው ክስ እስኪመጣ መቆየት የለበትም።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

ሰው ሲያዝ በቦታው የነበረ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ካለ፣ ያየውን በዚያው ዕለት በጽሑፍ ያስፍር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የያዙት ሰዎች የለበሱት የደንብ ልብስ የፌዴራል ፖሊስ ይሁን የክልል ፖሊስ ወይም የሲቪል ልብስ፣ የመኪናው ዓይነትና የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የመያዣ ወይም የብርበራ ትእዛዝ አሳይተው እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የተናገሩት ምክንያት፣ የወሰዱት ስልክ፣ ኮምፒውተርና ሰነድ ሁሉ መመዝገብ አለበት። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መካሄድ ይኖርበታል፤ ከዚህ ውጭ የሚካሄደው ፍርድ ቤት ለይቶ ሲፈቅድ ነው። የተወሰዱ ዕቃዎችም ተዘርዝረው በገለልተኛ ሰው መረጋገጥ አለባቸው። በሌሊት የተካሄደ ወይም ዝርዝር ያልተዘጋጀለት ብርበራ በዕለቱ ሊቆም ባይችልም፣ በጽሑፍ ከተያዘ በኋላ ላይ ማስረጃውን ለመቃወሚያ ያገለግላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰውየው ያለበትን ቦታ ማወቅ ነው። ፍለጋውን በአቅራቢያ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ዞኑ ፖሊስ መምሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ፌዴራል ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ የነበረውና በምርመራ ግፍ የሚታወቀው ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ሆኖም እስሩ ሲበዛ መጋዘኖች፣ ትምህርት ቤቶችና ወታደራዊ ካምፖች ጭምር ማቆያ ሆነው ያገለገሉበት ጊዜ ስላለ፣ መደበኛ ጣቢያዎችን አዳርሶ «የለም» የሚል መልስ ማግኘት ሰውየው አልተያዘም ማለት አይደለም። በየጣቢያው የጠየቁትን ኃላፊ ስምና ማዕረግ፣ የተሰጠዎትን መልስና ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተር ይመዝግቡ። «እኛ ጋ የለም» የሚል መልስ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ሲመዘገብ፣ ወደፊት ለፍርድ ቤት በሚቀርብ አቤቱታ ላይ ትልቅ ክብደት ይኖረዋል።

ስንቅና ልብስ ማቀበል ሰብአዊ ግዴታ ብቻ ሳይሆን ሰውየው በዚያ ስለመኖሩ ማረጋገጫም ነው። ምግቡን ከተቀበሉ ሰውየው እዚያ እንዳለ አምነዋል ማለት ነው፤ ባዶው ዕቃ ሲመለስ ደግሞ ምግቡ መድረሱን ለመገመት ይረዳል። መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ግልባጭ ከመድኃኒቱ ጋር ያስገቡ፤ ዋናውን ግን ከእጅዎ አያውጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘትና በእነርሱ የመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ለተያዘም ለተፈረደበትም የተሰጠ በመሆኑ «ምርመራ ላይ ስለሆነ አይጎበኝም» ለሚል መልስ የሚጠቀሰው አንቀጽ ይህ ነው። ከዚህም በላይ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር እንዲፈቀድለት፣ ከጠየቀም መጻፊያ እንዲቀርብለት ያዛል።

ሰዓቱን መቁጠር የቤተሰቡ ሥራ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ስሌት የሚወጣው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላትን ከስሌቱ አላወጣም። ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢቀርብ ሰዓቱ አልፏል፤ መዘግየቱም በችሎት መነሣት አለበት።

በዚህ ወቅት የሚመጣ ሌላ አደጋም አለ። ቤተሰብ በጭንቀት ላይ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች «ውስጥ የማውቀው አለ፣ ይህን ያህል ብትከፍሉ ዛሬውኑ ይፈታል» እያሉ ይቀርባሉ። ገንዘቡ ተበልቶ ሰውየው ባለበት መቅረቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ጉቦ መስጠት ራሱ ወንጀል በመሆኑ ቤተሰቡ ተጨማሪ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የታሰበውን ገንዘብ ለጠበቃና ለስንቅ ማዋል ይሻላል።

ጠበቃ ከየት ይገኛል

አቅም ያለው ቤተሰብ በወንጀል ጉዳይ ልምድ ያለውን ጠበቃ በግሉ ያቆማል። እዚህ ላይ ጥያቄው የጠበቃው ዝና ሳይሆን በየትኛው ፍርድ ቤት ለመቆም ፈቃድ እንዳለው ነው። የሽብርና በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው፤ በክልል ከተማ የተያዘ ሰው ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የክልል ፈቃድ ብቻ ያለው ጠበቃ እዚያ ሊቆምለት ስለማይችል፣ ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። ክፍያውና የሚሸፍነው ደረጃ፣ ማለትም ጊዜ ቀጠሮውን ብቻ ነው ወይስ ክሱንና ይግባኙንም ይጨምራል የሚለው፣ በጽሑፍ ውል ይቀመጥ። ውክልናው በእስር ላይ ያለው ሰው እንዲፈርመው በምን መንገድ እንደሚሄድም ከጠበቃው ጋር ያኔውኑ ይነጋገሩ።

አቅም የሌለው ቤተሰብ በርካታ በሮች አሉት፤ አንዱን አንኳኩቶ መልስ እስኪገኝ መጠበቅ ግን አይገባም፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም መሞከር ይሻላል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፤ ክልሎችም በየፍርድ ቤቶቻቸው ተመሳሳይ ክፍል አላቸው። በሕግ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት፣ ምክር ይሰጣሉ፣ አቤቱታ ይጽፋሉ። ሴት ለሆነች ታሳሪ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን፣ የመብት ጥሰት ለተፈጸመበት ሁሉ ደግሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን መጠየቅ ይቻላል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም አለ፤ ጠበቆች አቅም ለሌላቸው ያለ ክፍያ የማገልገል የሙያ ግዴታ ስላለባቸው፣ በማኅበሩ በኩል ወይም በቀጥታ ጠይቆ በጎ ፈቃደኛ ማግኘት የሚቻልበት ዕድል አለ።

የእነዚህ ድርጅቶች አቅም ግን ከፍላጎቱ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት አንዱ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነው፤ በሰብአዊ መብትና በፍትሕ ጉዳይ መሥራት የሚፈልጉ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ በመከልከሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ የነበሩ ብዙ ቢሮዎች ተዘግተዋል ወይም ሥራቸውን ቀንሰዋል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ቢተካም፣ በአሥር ዓመት የፈረሰው አቅም በአንድ ሕግ ለውጥ አልተመለሰም። በእኔ እምነት በሀገሪቱ የፍትሕ ሥርዓት ላይ ከደረሱት ጉዳቶች በቂ ትኩረት ያላገኘው ይህ ነው፤ ዋጋውንም እስካሁን የሚከፍሉት ምንም ገንዘብ የሌላቸው የታሳሪ እናቶች ናቸው።

ወደ የትኛውም ቢሮ ሲሄዱ የሚይዙት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ የታሳሪው መታወቂያ ግልባጭ ካለ፣ ስለ አያያዙ የተጻፈው ማስታወሻ፣ የጎበኟቸው ጣቢያዎች ዝርዝር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር ከተገኘ እርሱ፣ እንዲሁም የመክፈል አቅም እንደሌለ የሚገልጽ የወረዳ ወይም የቀበሌ ማስረጃ። የመጨረሻውን ማስረጃ ለማግኘት ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል ቀደም ብሎ መጠየቁ ይጠቅማል።

በጊዜ ቀጠሮ ችሎት

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ምዕራፍ ይህ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 ምርመራ ላልተጠናቀቀበት ጉዳይ ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀናት መብለጥ የለበትም፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አይናገርም። ሰዎች ክስ ሳይቀርብባቸው በ14 ቀናት ላይ ሌላ 14 ቀናት እየተጨመረባቸው ለወራት የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፌዴራል ፖሊስ የሚመረመሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎት ነው፤ ሰውየው የት እንዳለ ያልታወቀ ከሆነ እዚያ በማለዳ መገኘትና የዕለቱን ዝርዝር መጠየቅ ከጣቢያ ጣቢያ ከመዞር የበለጠ ውጤት የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

ዳኛው በልማድ 14 ቀናት እንዲሰጥ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ተቃራኒ ክርክር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ጠበቃው፣ ጠበቃ ከሌለም ታሳሪው ራሱ፣ ፖሊስ ተጨማሪ ቀን በጠየቀ ቁጥር ጥያቄዎችን ማስመዝገብ ይኖርበታል። ባለፈው ቀጠሮ ሊሠራ የተባለው ሥራ የትኛው ነው፣ ከዚያ ውስጥ ምኑ ተሠራ፣ ያልተሠራው ለምን አልተሠራም፣ የቀረው ምስክር ወይም ሰነድ ምንድን ነው፣ ሰውየው በዋስ ቢወጣ ይህን ሥራ የሚያሰናክለው በምን መንገድ ነው። «ግብረ አበሮች አልተያዙም» ወይም «የባንክና የቴሌ ማስረጃ እየጠበቅን ነው» የሚሉ ምክንያቶች በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሲደጋገሙ፣ ቀደም ሲል መባላቸውን ከመዝገቡ ጠቅሶ ማሳየት ዳኛውን ቀኑን ለመቀነስ ወይም ዋስትና ለመፍቀድ የሚያነሣሣ ብርቱ መከራከሪያ ነው። ከባንክ ወይም ከቴሌ የሚመጣ ሰነድ ታሳሪው ውጭ ቢሆንም የሚመጣ መሆኑን መናገርም አይዘንጋ። ቤተሰብ ችሎት መከታተል ከተፈቀደለት በየቀጠሮው የተባለውን ይጻፍ፤ ከተከለከለ ደግሞ ችሎቱ በዝግ የሆነበት ምክንያት በመዝገብ እንዲሰፍር ጠበቃው ይጠይቅ።

ታሳሪው ከተደበደበ፣ ከተራበ፣ ሕክምና ከተነፈገ ወይም ብቻውን በጨለማ ክፍል ከታሰረ፣ ይህን ዳኛ ፊት በቆመበት በመጀመሪያው ዕለት እንዲናገር አስቀድሞ ሊመከር ይገባል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ እንዲህ ተደርጎብኛል፤ ሐኪም እንዲያየኝ ትእዛዝ ይሰጥልኝ» የሚል አጭርና ግልጽ ንግግር በመዝገብ እንዲጻፍ መጠየቅ አለበት። ቁስል በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፤ የሕክምና ማስረጃና በመዝገብ የሰፈረ አቤቱታ ግን ይቆያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ቃልና ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 424 ታሳሪን በተከለከለ መንገድ የሚመረምር የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። እነዚህን አንቀጾች በሥራ ላይ ማዋል የሚቻለው የመጀመሪያው አቤቱታ በጊዜው ከቀረበ ነው።

ፖሊስ ፊት ቃል ስለመስጠት የሚባለው አጭር ነው። ታሳሪው ዝም የማለት መብት አለው፤ በማይገባው ቋንቋ የተጻፈ፣ ያላነበበውን ወይም ያልተነበበለትን ወረቀት መፈረም የለበትም። የእምነት ቃል ለማስመዝገብ ወደ ፍርድ ቤት የሚወሰድበት ሌላ ሥርዓት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 አለ፤ ዳኛ ፊት በተመዘገበ ቃል ላይ የሚቀርብ ክርክር ከባድ ስለሚሆን፣ ተገድዶ ከሆነ እዚያው ለዳኛው መናገር ይኖርበታል።

ታሳሪው ልጅ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ሲያዝ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ ከአዋቂ ታሳሪዎች ጋር መቀላቀሉም የተከለከለ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከሌለም የትምህርት ቤት ወይም የክትባት ካርድ ይዞ መቅረብ ወሳኝ ነው፤ በጅምላ እስር ወቅት ዕድሜ በግምት ሲጻፍ ይታያልና።

ዋስትና ተፈቅዶ ሰው የማይወጣ ከሆነ

ዋስትና በመርህ ደረጃ መብት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትናን የሚከለክለው በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣና ተጎጂው ሊሞት ለሚችልበት ጉዳይ ነው። አንቀጽ 67 ደግሞ ሰውየው በቀጠሮው ላይመጣ፣ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ወይም በምስክሮችና በማስረጃ ላይ ጣልቃ ሊገባ ይችላል ተብሎ ሲገመት ዋስትና እንዲከለከል ይፈቅዳል። በፖለቲካ ጉዳዮች ፖሊስ የሚጠቅሰው ድንጋጌ እጅግ ከባዱ የሚሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ በሽብር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ወይም በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ ላይ የሚፈጸምን ወንጀል በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 238 የተጠረጠረ ሰው ዋስትና ማግኘቱ ይከብደዋል። ስለዚህ በምርመራ ደረጃ የተጠቀሰው አንቀጽ ከቀረበው ፍሬ ነገር ጋር ይገናኛል ወይ ብሎ መከራከር ያስፈልጋል። አንድ ጽሑፍ በማኅበራዊ ሚዲያ በመለጠፉ ብቻ የተያዘ ሰው፣ ድርጊቱ ቢበዛ በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚታይ መሆኑን አንሥቶ የዋስትናውን በር ሊያስከፍት ይችላል። ዋስትና ሲከለከል በ20 ቀናት ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል፤ ይህ ቀን እንዳያልፍ።

ዋስትና ሲፈቀድ የሚሠራው ሥራ በዚያው ዕለት ማለቅ አለበት። ገንዘቡ ተከፍሎ ደረሰኙ ይወሰድ፣ የመፍቻ ትእዛዙ ይውጣ፣ ታሳሪው ወዳለበት ጣቢያ ደርሶ የተቀበለው ሰው በግልባጩ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም። ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ በውሳኔው ላይ ይግባኝ ጠይቆ አፈጻጸሙን ሊያሳግድ ስለሚችል አንድ ቀን መዘግየት ሳምንታት ሊያስከፍል ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ትእዛዙ ደርሶ ሰውየው ሳይለቀቅ ሲቀር ወይም ከአንዱ ፖሊስ እጅ ወጥቶ በር ላይ በሌላው ሲያዝ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶችን ጎን ለጎን መጠቀም ይገባል። አንደኛው ትእዛዙን ወደ ሰጠው ችሎት ተመልሶ የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ ያልፈጸመበትን ምክንያት እንዲያስረዳ አቤቱታ ማቅረብ ነው።

ሁለተኛው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) ሲሆን አቀራረቡ ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ተጽፏል። ታሳሪው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሊያቀርብለት ይችላል፤ አቤቱታው በቃለ መሐላ መደገፍ አለበት። በቃለ መሐላው ውስጥ ሰውየው መቼ፣ የት፣ በማን እንደተያዘ፣ አሁን የት እንዳለ ወይም የት እንዳለ ማወቅ እንዳልተቻለ፣ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ወይም የመፍቻ ትእዛዝ የተሰጠለት መሆኑ ይገለጻል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተያዘው ማስታወሻ እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ ቀን፣ ሰዓትና ስም ያለው ቃለ መሐላ ሲቀርብ ፖሊስ «አናውቀውም» ብሎ በአንድ መስመር ለማለፍ ይቸገራል። አቤቱታው ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ከሬጅስትራር ወይም ከጠበቃ ያረጋግጡ። መልስ ሰጪ ሆኖ የሚጠቀሰውም ሰውየውን ይዟል የተባለው ተቋም ኃላፊ ነው፤ ሁለት ተቋማት ከተጠረጠሩ ሁለቱንም መጥቀስ ይሻላል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር

በ2014 እና በ2015 የወጡት አዋጆች ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና አዋጁ ጸንቶ እስካለ ድረስ ማቆየትን ፈቅደዋል። ይህ ግን ሁሉም መብት ታግዷል ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ መብትና የእኩልነት መብት በአዋጅ ጊዜም ሊነኩ አይችሉም። በአዋጁ የተያዙ ሰዎችን ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የሚያደርግ፣ አያያዛቸውንም የሚከታተል ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ መቋቋም አለበት። ስለዚህ ቤተሰብ ለቦርዱ በጽሑፍ ማመልከት፣ የማመልከቻውንም ግልባጭ የደረሰበት ማህተም ታትሞበት መያዝ አለበት፤ ስም በይፋ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ራሱ አቤቱታ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ኢትዮጵያ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን እስሩ ሕጋዊ መሆኑን በፍርድ ቤት የማስመርመር መብት ሊቀነስ እንደማይችል ገልጿል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ደግሞ መብቶችን በአስቸኳይ ጊዜ ለማገድ የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም። የሀገር ውስጥ ዳኛ በአዋጁ ምክንያት አቤቱታውን ላይቀበል ይችላል፤ ቢሆንም ማቅረቡ ዋጋ አለው፤ አዋጁ ሲነሣ ወይም ጉዳዩ ወደ ሌላ አካል ሲሄድ በመጀመሪያው ዕድል አቤት መባሉን ያሳያል።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማቆያ ቦታዎችን የመጎብኘት ሥልጣን ስላለው ለቅርንጫፍ ቢሮው በጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል። ኮሚሽኑ ሰውን የማስፈታት ኃይል የለውም፤ ሆኖም የታሳሪው ስም በእጁ መኖሩ፣ በተለይ ቦታው ባልታወቀበት ጊዜ፣ ከመሰወር የሚከላከል ጥበቃ ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የቤተሰብ መልእክት ያደርሳሉ። ለተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስር የሥራ ቡድን አስቸኳይ ጥሪ ለማቅረብ የሀገር ውስጥ መንገዶች እስኪያልቁ መጠበቅ አይጠበቅም። ጉዳዩን ለብዙኃን መገናኛ ማውጣት ግን ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ መታየት አለበት፤ አንዳንዱን ይጠብቃል፣ አንዳንዱን ያባብስበታል። ውሳኔው የታሳሪውና የቅርብ ቤተሰቡ ነው እንጂ የደጋፊዎች አይደለም፤ በደጋፊነት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን አስቀድሞ እንዲጠይቅ እለምናለሁ።

ክስ ሲመሠረት

ክስ እንደተመሠረተ፣ ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ በመጀመሪያው ችሎት «የማቆም አቅም የለኝም፤ በአንቀጽ 20(5) መሠረት ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ፤ የተመደበው ጠበቃ ከችሎት በፊት ሊያነጋግረው ካልቻለ ቀጠሮ እንዲሰጠው ይጠይቅ። የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ከሆነ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይመደብለታል። የክሱን ጽሑፍ፣ የማስረጃ ዝርዝሩንና የሰነዶቹን ግልባጭ የማግኘት መብት በአንቀጽ 20(2) እና 20(4) ተረጋግጧል። በተግባር የምስክሮች ስም ሲሸሸግ በመቃወሚያ መነሣት ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ቤተሰብም በዚህ ደረጃ የመከላከያ ምስክሮችን መፈለግና በክሱ የተጠቀሰው ቀን ተከሳሹ የት እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ማሰባሰብ ይጀምር፤ የሥራ ቦታ የመገኛ መዝገብ፣ የጉዞ ትኬት፣ የባንክ ደረሰኝ ሁሉ ይጠቅማል።

ጥፋተኛ ተብሎ ከተፈረደበት የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ደግሞ ዝርዝር የይግባኝ ማመልከቻው በ30 ቀናት ውስጥ ይገባል። የፍርዱ ግልባጭ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን ከሬጅስትራር በጽሑፍ ይወሰድ፤ ቀኑ ሲያልፍ የሚነሣው ክርክር ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላልና።